ጄምስ ብሩስና አንባቢዎቹ ያላመኑት መጽሐፍ

ስለ አሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር የሚጽፍ ተመራማሪ የጄምስ ብሩስን ስም ሳይጠቅስ ማለፍ ይቸግረዋል። አምስቱን ጥራዞች ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ተመራማሪ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚፈልገውን ምዕራፍ ፈልጎ ያገኛል፣ ይጠቅሳል፣ መጽሐፉንም ወደ መደርደሪያው ይመልሳል። ልማዱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። መጽሐፉ በ1790 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ከገዙት ብዙዎቹ አሰልቺ ነው ብለው አማረሩበት፤ በትዕግሥት ካነበቡት መካከልም ብዙዎች አላመኑትም። ይህ አጭር ጽሑፍ የብሩስን ሕይወት የሚተርከው ከዚሁ አንጻር ነው። የዓይን ምስክር የሆነ ሰው ያየውን ጽፎ ሳለ መጽሐፉ ስለ ምን ተጠላ? አንባቢዎቹስ የጠረጠሩት በእርግጥ ሊጠረጠር የሚገባውን ነበርን?

ብሩስ በዲሴምበር 14 ቀን 1730 በስኮትላንድ፣ ኪኔርድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። እናቱን በሕፃንነቱ አጣ። ወደ እንግሊዝ ተልኮ በሃሮው ትምህርት ቤት ተማረ፤ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ማጥናት ጀምሮም ሳይወደው ተወው። በ1754 የአንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ የነበረችውን አድሪያና አለንን አግብቶ በንግዱ ሥራ ገባ፤ ነገር ግን ሚስቱ ከሠርጉ በኋላ ብዙ ወራት ሳትቆይ ፓሪስ ላይ በሳምባ ነቀርሳ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ የነጋዴነቱ ነገር አልሆነለትም። ፖርቱጋልንና ስፔንን ዞረ፤ ዐረብኛ ተማረ፤ በጀርመናዊው በኢዮብ ሉዶልፍ መጻሕፍት አማካይነትም ግእዝን ማጥናት ጀመረ። አባቱ ሲሞት የወረሰው ርስት የድንጋይ ከሰል ያለበት ስለ ነበር፣ በአካባቢው የተቋቋመው የካሮን ብረት ማቅለጫ ከሰሉን መግዛቱ ራሱን ችሎ ለመጓዝ የሚበቃ ገቢ አስገኘለት። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ብሩስ የማኅበር ወይም የመንግሥት መልእክተኛ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ አልመጣም። ሪፖርት የሚጠብቅበት አለቃም ሆነ የጻፈውን አይቶ የሚያርመው አካል አልነበረውም።

ከ1763 እስከ 1765 በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ አገለገለ። ሥራውን ከለቀቀ በኋላ በሰሜን አፍሪካና በሶርያ የሚገኙትን የሮማውያን ፍርስራሾች እየዞረ አጠና። ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለውን ጣልያናዊ ወጣት ሠዓሊ የቀጠረው ለዚሁ ሥራ ነበር፤ የዚህ ሰው ስም ወደ ኋላ ይመለስብናል። በ1768 ሁለቱ ግብጽ ገቡ። በቴብስ ከነገሥታት መቃብሮች በአንዱ ግድግዳ ላይ የተሣሉ በገና ደርዳሪዎችን አይቶ ሥዕላቸውን ይዞ ወጣ፤ መቃብሩም በአውሮፓውያን ዘንድ ለረጅም ጊዜ በብሩስ ስም ሲጠራ ኖሯል። ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጅዳ ደረሰ፤ በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ወረደ፤ በአድዋና በአክሱም አልፎ በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገባ።

የገባበት ጊዜ ክፉ ነበር። ዐፄ ኢዮአስ በ1769 ተገድለዋል፤ የተተኳቸው አረጋዊው ዐፄ ዮሐንስ ዳግማዊም በዚያው ዓመት ሞተዋል፤ በዙፋኑ ላይ የተቀመጡት ወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ሲሆኑ፣ ሥልጣኑ ግን በትግሬው ገዥ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። ብሩስ በደረሰ ጊዜ ራስ ሚካኤል በዘመቻ ላይ ነበሩ፤ በቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ደግሞ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። መንገደኛው መጠነኛ የሕክምና ዕውቀት ስለ ነበረው የታመሙትን የመሳፍንት ልጆች እንዲያይ ተጠራ። የታፈነውን ክፍል አስከፍቶ አየር በማስገባትና በንጽሕና በማስያዝ ሲያክም፣ ከዳኑት አንዱ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ነበር። ወይዘሮ አስቴር የእቴጌይቱ ልጅ፣ የራስ ሚካኤልም ሚስት ነበሩ። በጎንደር ቤተ መንግሥት በሮች የተከፈቱለት በዚህ ምክንያት ነው። ሐኪም ያዕቆብ ተባለ፤ የአገሩን ልብስ ለበሰ፤ ቁመቱ ስድስት ጫማ ከአራት ኢንች፣ ጸጉሩ ቀይ የሆነው ይህ ሰው በፈረስ ግልቢያውና በተኩሱም ተወደደ። በግንቦት 1771 በሰርባ ኩሳ በተደረገው ጦርነት ጊዜ ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ነበር። በዚያን ዘመን የኢትዮጵያን የእርስ በርስ ጦርነት ከቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሆኖ የተከታተለና ለአውሮፓ የጻፈ ሌላ ሰው አናውቅም።

የመጣበት ዋና ጉዳይ ግን ዓባይ ነበር። አንድ ጊዜ ሞክሮ ከተመለሰ በኋላ፣ በሁለተኛው ጉዞ የዳሞቱን የፋሲልን ፈቃድ አግኝቶ በኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ። ከምንጩ በኮኮናት ቅርፊት ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤንነት ጠጣ። ራሱ እንደሚተርከው ደስታው ብዙ አልቆየም፤ ወዲያው ከባድ ትካዜ ያዘው፣ የመመለሻው መንገድ አስፈራው። በበኩሌ ከመጽሐፉ ሁሉ እጅግ ሰው ሰው የሚሸት ገጽ ይህ ይመስለኛል። ብዙ አንባቢዎች ግን እዚህ ገጽ አልደረሱም፤ የሚገኘው በሦስተኛው ጥራዝ መጨረሻ ገደማ ነውና።

በዲሴምበር 1771 ጎንደርን ለቆ በስናር በኩል ተመለሰ። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ ከሚገናኙበት ስፍራ ሲደርስ ከምዕራብ የሚመጣው ወንዝ ትልቅ መሆኑን ማየቱ አልቀረም፤ ቢሆንም ዋናው ዓባይ የእርሱ ዓባይ ነው ከማለት አልተመለሰም። የኑቢያን በረሃ ሲያቋርጥ ግመሎቹ አልቀውበት ወረቀቶቹንና መሣሪያዎቹን በአሸዋ ላይ ጥሎ አስዋን ገባ፤ ከዚያ ሰው ይዞ ተመልሶ ዕቃውን አነሣ። በ1773 ማርሴይ ወርዶ በፈረንሳይ ሊቃውንት ዘንድ በክብር ተስተናገደ። ካመጣቸው ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ።

ለንደን የገባው በ1774 ሲሆን፣ የመጽሐፉ መከራ የተጀመረው መጽሐፉ ከመታተሙ አሥራ ስድስት ዓመት አስቀድሞ በዚሁ ጊዜ ነው። የለንደን የተማረ ሰው ስለ ኢትዮጵያ የራሱ ሥዕል ነበረው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1735 የኢየሱሳዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ፣ በመቅድሙም ጸሐፊውን ተአምር ሳያበዛ ያየውን ብቻ የሚናገር ሰው አድርጎ አመስግኖት ነበር። በ1759 ደግሞ ራሴላስ የተባለውን ልብ ወለዱን አሳተመ፤ በዚያ መጽሐፍ የኢትዮጵያ መሳፍንት በተዋበ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጠው ስለ ደስታ ምንነት ይፈላሰፋሉ። ብሩስ ይዞት የመጣው ወሬ ከዚህ ጋር አልገጠመም። የተሰቀሉ ሰዎችን፣ ጥሬ ሥጋ የሚቀርብበትን ግብር፣ ከነነፍሷ ካለች ላም ሥጋ ቆርጠው ቁስሉን ሸፍነው የሚነዷትን ወታደሮች ተረከላቸው። የአተራረክ ጠባዩም አልረዳውም። ኩሩና ቁጡ ነበር፤ ሲጠራጠሩት ማስረዳት ውርደት ይመስለው ነበር። በ1774 ቃሉን ተቀብሎ በመጽሔት ያሳተመው ጄምስ ቦዝዌል መልስ ከአፉ ለማውጣት መቸገሩን ጽፏል፤ ጆንሰንም ባገኘው ጊዜ ነገሩን አጥርቶ የሚተርክ ሰው ሆኖ አላገኘውም።

ከዚያ ጊዜ ቀልዶች አንዱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ትርጉም ማስፈለጉ አይቀርም። ብሩስ ስለ አገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች ለሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊው ለቻርልስ በርኒ መግለጫ ሰጥቶ፣ ጽሑፉ በ1776 በበርኒ መጽሐፍ ውስጥ ታትሟል። በአንድ ግብዣ ላይ በኢትዮጵያ ምን መሣሪያ አለ ተብሎ ሲጠየቅ ክራር መኖሩን ተናገረ ይባላል። በእንግሊዝኛ ክራርና ውሸታም በአነጋገር አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው፤ እናም ጆርጅ ሰልዊን የተባለው ቀልደኛ ብሩስ ከወጣ ወዲህ በዚያ አገር አንድ ጎድሏል ብሎ በጎኑ ለተቀመጠው ሹክ አለ። በዚህ ቀልድ ያለቀው ስለ ክራር የተሰጠው መግለጫ ትክክለኛ ነበር።

ብሩስ ተቆጥቶ ወደ ኪኔርድ ተመለሰ። በ1776 ሜሪ ደንዳስን አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ርስቱን አስተዳደረ። ማስታወሻዎቹ በሣጥን ተቀምጠው ቀሩ። በ1785 ሁለተኛ ሚስቱ ስትሞትበት ግን ወዳጆቹ፣ በተለይም ዴንስ ባሪንግተን፣ ሐዘኑን እንዲረሳ መጽሐፉን እንዲጽፍ ገፋፉት። ጽሕፈቱ በአብዛኛው ለጸሐፊ በቃል የማስጻፍ ሥራ ነበር። የዕለት ማስታወሻዎቹ በእጁ እያሉ ብዙ ጊዜ አልተመለከታቸውም፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ በቃሉ ሲያመላልሰው የኖረውን ታሪክ፣ በተለመደለት ቅርጽ አወረደው። የቃል ትውፊትን የሚያጠኑ ባልደረቦች ይህን ሁኔታ በሚገባ ያውቁታል። ብዙ ጊዜ የተነገረ ታሪክ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ንግግሮች ይረዝማሉ፣ ተራኪው ወደ መካከል ይመጣል። ብሩስ ከራስ ሚካኤልና ከወይዘሮ አስቴር ጋር አደረግሁት ያለው ረጅም ምልልስ እንደ ቲያትር መድረክ የሚያነበበው በዚህ ምክንያት ነው።

አምስቱ ጥራዞች ሦስት ሺህ ገጽ የሚጠጉ ሲሆኑ ዋጋቸው አምስት ጊኒ ነበር። አንባቢ የፈለገው የዓባይን ምንጭ ነው። ብሩስ ግን በመጀመሪያው ጥራዝ ከግብጽና ከዐረብ አገር ጉዞው ቀጥሎ ስለ ጥንታዊው የሕንድና የአፍሪካ ንግድ፣ ስለ ኩሽ ልጆች ፍልሰት፣ ስለ ኦፊርና ተርሴስ የሚገኙበት ስፍራ የራሱን ግምት ይደረድራል። ይህ ክፍል ዛሬም በጣም አድካሚ ነው፤ ከተአማኒነቱም አብዛኛው ወድቋል። ይህን ያለፈ አንባቢ በሁለተኛው ጥራዝ የሚጠብቀው ሰባት መቶ ገጽ ገደማ የሚሆን የኢትዮጵያ ነገሥታት ዜና መዋዕል ነው፤ ከይኩኖ አምላክ ይጀምርና ንጉሥ በንጉሥ ይወርዳል። ተጓዡ ራሱ ከምጽዋ የሚነሣው በሦስተኛው ጥራዝ ነው። በ1790 ዓ.ም. ለንደን ላይ በእሳት ዳር የተቀመጠ ባለጸጋ ስለ በእደ ማርያምና ስለ ሠርፀ ድንግል ዘመቻዎች የሚያነብበት ምክንያት አልነበረውም። ሆረስ ዎልፖል መጽሐፉ አሰልቺም ውድም ነው ብሎ ጻፈ። ዘባች ገጣሚው ጆን ዎልኮት ፒተር ፒንዳር በሚለው የብዕር ስሙ ለብሩስ የፌዝ መልእክት በግጥም አሳተመ። በ1792 ደግሞ የታወቀው የዋሾው ባሮን ሙንሃውዘን ታሪክ ተከታይ መጽሐፍ ወጣ፤ መታሰቢያነቱም ለብሩስ ተሰጠ። ሽያጩ ግን መጥፎ አልነበረም፤ ወዲያው ወደ ፈረንሳይኛና ወደ ጀርመንኛ ተተረጎመ። ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅን የመሳሰሉ ገጣሚዎችም በአንቀጾቹ ተመስጠው አንብበውታል። ሊቃውንቱ የጠሉትን ማጋነን ገጣሚዎቹ ሳይወዱት አልቀሩም።

ስለ ላሚቱ የተነገረው በመጨረሻ ምስክር አገኘ። ኤድዋርድ ክላርክ የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1801 ካይሮ ላይ ያገኘውን ኢትዮጵያዊ ቄስ ስለ ብሩስ ጽሑፍ ጠይቆ ብዙውን ነገር እውነት ነው የሚል መልስ አገኘ። በ1805 ትግራይ የመጣው ሄንሪ ሶልት በመጀመሪያ ወሬውን አስተባበለ፤ በኋላ ግን በአገሩ ለዓመታት የኖረው ናትናኤል ፒርስ ከወታደሮች ጋር ሲጓዝ ድርጊቱን በዓይኑ ማየቱን ስለ ነገረው በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ አስገባው። በዘመቻ ላይ ያሉ የተራቡ ወታደሮች አልፎ አልፎ ያደረጉትን ነገር ብሩስ የአገር ልማድ አስመስሎ መጻፉ ጥፋቱ ነው። የጎንደርን ግብር የገለጸበት ምዕራፍም በእኔ ግምት ከአንድ ቀን ትዝብት የተጻፈ አይመስልም፤ ብዙ ግብዣዎች በአንድ ተሰፍተው፣ ለለንደን አንባቢ ድንጋጤ ተብሎ ቅመም የበዛባቸው ይመስላል። ነገር ግን ዋሽቶ ፈጠረው የሚለው ክስ በዚህ ጉዳይ አልጸናም።

የጸናው ክስ በጊዜው ማንም ያልከሰሰው ነው። በመጽሐፉ መሠረት ባሉጋኒ ጎንደር እንደ ደረሱ ብዙ ሳይቆይ ታሞ ስለ ሞተ የግሽን ምንጭ አላየም። ወረቀቶቹ ሲመረመሩ ግን ባሉጋኒ በገዛ እጁ የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ እስከ ግሽ ድረስ ሄዶ ተገኘ፤ ሠዓሊው የሞተው ከዚያ ጉዞ ከተመለሱ በኋላ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የሚገኙት የዕፅዋትና የእንስሳት ሥዕሎችም ብሩስ የራሱ እጅ ሥራ አስመስሎ ቢያቀርባቸውም አብዛኞቹ የባሉጋኒ ናቸው። ለዓባይ ምንጭ ክብር ተካፋይ አልፈለገም። በዚሁ ምክንያት ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ምንጩን ማየቱን ሊያስተባብል ብዙ ገጽ ፈጀ። የፓኤዝ መጽሐፍ ገና ያልታተመ በመሆኑ አንባቢ የነበረው ሌሎች የጠቀሱለትን ቁራጭ ብቻ ነበርና፣ ብሩስ በዚህ ክፍተት ተጠቀመ። እንግዲህ ዘመኑ ስለ ጥሬ ሥጋ ሲስቅ፣ የሞተ ባልደረባ ስም ከታሪክ ሲፋቅ አላየም።

ይህን ሁሉ ለማጣራት መንገዱን የከፈተው ከስኮትላንድ ገጠር የወጣ የእረኛ ልጅ ነው። አሌክሳንደር መሪ ቋንቋዎችን በራሱ ጥረት የተማረ ሲሆን፣ ሁለተኛውን እትም እንዲያዘጋጅ በተጠየቀ ጊዜ ወደ ኪኔርድ ሄዶ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበ፤ ለዚሁ ሲል ግእዝና አማርኛ አጠና። በ1805 በሰባት ጥራዞች የወጣው እትም የዕለት ማስታወሻዎቹን ቁራጮች ከመጽሐፉ ጎን ስላስቀመጠ፣ ዛሬ ብሩስን የሚጠቅስ ሰው መያዝ ያለበት ይህንን እንጂ የ1790ውን አይደለም። ቀኖች የተዛቡበትንና ትዝታ ማስታወሻን ያሸነፈበትን ቦታ የሚያሳየው እርሱ ነውና። መሪ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ለእንግሊዝ ንጉሥ የላኩትን ደብዳቤ በ1811 ተርጉሟል፤ በ1812 በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር ሆኖ በዓመቱ ሞተ።

ብሩስ ሁለተኛውን እትም አላየም። በኤፕሪል 1794 አንድ ምሽት እንግዶቹን ሲሸኝ፣ አንዲት ሴት ወይዘሮን ወደ ሠረገላዋ ሊያደርስ በቤቱ ደረጃ ላይ ሲፈጥን አዳልጦት ወደቀ፤ በማግሥቱ ኤፕሪል 27 ቀን በስልሳ ሦስት ዓመቱ ሞተ። በላርበርት ቤተ ክርስቲያን አጸድ ከሚስቱ ጎን ተቀበረ።

ከመጽሐፉ በላይ የሠሩት ጭነቶቹ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ከነበረው የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ትርጉም አሳተመ። በቤተሰቡ እጅ የቀሩትን የግእዝ መጻሕፍት ቦድሊያን በ1843 ገዛቸው፤ አውጉስት ዲልማንም በ1848 ባወጣው ማውጫ ዘረዘራቸው። በአምስተኛው ጥራዝ የተሣሉት ጤፍ፣ ኮሶና እንሰት ለአውሮፓ ዕፅዋት አጥኚዎች ትምህርት ሆነዋል፤ ለተቅማጥ የጠቀመውን ዋጊኖስንም በስሙ ሰይመውለታል። የባሉጋኒ የዕፅዋት ሥዕሎች ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማእከል በሠዓሊው በራሱ ስም ይገኛሉ።

የለንደን ሰዎች ሳይገልጡት ያለፉት ሁለተኛው ጥራዝስ? ብሩስ ከጎንደር ይዞት ከወጣው የነገሥታት ዜና መዋዕል አሳጥሮ ያዘጋጀው ይህ ክፍል፣ የግእዙ ምንጮች እስከሚታተሙበት እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ፣ ከዜና መዋዕሎቹ ተቀድቶ በእንግሊዝኛ የቀረበ ሰፊ የኢትዮጵያ ነገሥታት ታሪክ ሆኖ ቆይቷል። ከእጅ ጽሑፉ የወሰደውን፣ ከሉዶልፍና ከኢየሱሳውያን የቀዳውን፣ ከራሱ የጨመረውንም አንድ በአንድ መለየት፣ ቦድሊያን ያሉትን ቅጂዎች ከጥራዙ ጋር ገጽ በገጽ አስተያይቶ ለሚቀመጥ ተመራማሪ የሚሆን ሥራ ነው።